መርዝን በብርሃን መለየት፤ የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባክቴሪያ፣ ሻጋታ፣ አልጌና ዕፅዋት የሚያመነጯቸውን መርዞች በብርሃንና በናኖ ቁሶች (መጠናቸው በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ በሚለካ ደቃቅ ቁሶች) አማካይነት ስለሚለዩ ሴንሰሮች ባለፈው እትም አጭር ጽሑፍ ማውጣታችን ይታወሳል። ጽሑፉን ተከትሎ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ብዙዎቹ ተቀራራቢ ስለሆኑ ጥቂቶቹን መርጠን መልስ ሰጥተንባቸዋል።

ጥያቄ፦ «የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። አንድ የመርዝ ሞለኪውል በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ አይታይም። ታዲያ ብርሃን እንዴት አድርጎ ያሳየናል? ከሁሉም ቁስ ወርቅስ ለምን ተመረጠ? በውሃ ውስጥ የተበተነ ወርቅ ቀይ እንደሚሆን ስነግራቸው ተማሪዎቼ አያምኑኝም።»

መልስ፦ መርዙን ራሱን አናየውም፤ የምናየው መርዙ በሌላ ነገር ላይ ያስከተለውን ለውጥ ነው። ይህ ሌላ ነገር ብርሃንን በብርቱ የሚውጥ፣ የሚበትን ወይም የሚያመነጭ መሆን አለበት፤ በዙሪያው ጥቂት ለውጥ ሲፈጠርም ይህ ጠባዩ ወዲያው መለወጥ ይኖርበታል። የናኖ ቁሶች ተፈላጊነት የመጣው ሁለቱን አጣምረው በመያዛቸው ነው።

ወርቁን በተመለከተ ተማሪዎችዎ አለማመናቸው አይፈረድበትም። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1857 ያቀረበው ጥናት በዚሁ ጉዳይ ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ ያዘጋጃቸው ደማቅ ቀይ የወርቅ ፈሳሾች ያሉባቸው ጠርሙሶች እስከ ዛሬ ድረስ በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ተቀምጠው ይገኛሉ። ዲያሜትሩ 20 ናኖሜትር ገደማ በሆነ የወርቅ ቅንጣት ውስጥ ያሉት ነጻ ኤሌክትሮኖች ብርሃን ሲያርፍባቸው በአንድነት ይወዛወዛሉ፤ ውዝዋዜው የሚበረታው ደግሞ የሞገድ ርዝመቱ 520 ናኖሜትር አካባቢ በሆነው አረንጓዴ ብርሃን ስለሆነ፣ ቅንጣቱ አረንጓዴውን ውጦ ቀዩን ያሳልፋል። ይህ ውዝዋዜ ፕላዝሞን ይባላል፤ ጉስታቭ ሚ እ.ኤ.አ. በ1908 በሒሳብ ቀመር አብራርቶታል። ለእኛ ጉዳይ ቁልፉ ነገር ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ሲቀራረቡ የአንዱ ውዝዋዜ ከሌላው ጋር መጋጠሙ፣ የሚውጡት ብርሃንም ወደ ረጅሙ የሞገድ ርዝመት መሸሹ ነው፤ በዚህ ጊዜ ቀይ የነበረው ፈሳሽ ወደ ሐምራዊ፣ ከዚያም ወደ ሰማያዊ ይለወጣል።

ይህን በክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻላል። የወርቅ ቅንጣቶቹ በሲትሬት ተሸፍነው አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ተበታትነው የሚቆዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥቂት የገበታ ጨው ሲጨመርበት ጨው ግፊያውን ስለሚያዳክመው ቅንጣቶቹ ይሰባሰባሉ፤ ፈሳሹም ዓይናችን እያየ ይሰማያል። አሁን ከጨው በፊት አፕታመር የሚባል አጭር የዲኤንኤ ክር ጨመርን እንበል። አፕታመር ከአንድ የተወሰነ ሞለኪውል ጋር እንዲጣበቅ ከብዙ ቢሊዮን ክሮች መካከል ተመርጦ የሚወጣ ሲሆን፣ የመምረጫውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1990 ሁለት የተለያዩ የተመራማሪዎች ቡድኖች አስተዋውቀውታል። ክሩ ወርቁ ላይ ተለጥፎ ስለሚጠብቀው ጨው ቢጨመርም ቀዩ ቀለም አይለወጥም። ክሩ የሚፈልገው መርዝ በናሙናው ውስጥ ካለ ግን ወርቁን ትቶ ወደ መርዙ ይሄዳል፣ ወርቁም እርቃኑን ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ጨው ፈሳሹን ሰማያዊ ያደርገዋል። ቀይ ማለት መርዝ የለም፣ ሰማያዊ ማለት መርዝ አለ ማለት ነው። ይህን አሠራር በደንብ እንዲያጤኑት አደራ እላለሁ፤ ምክንያቱም ድክመቱ ያለው እዚሁ ውስጥ ነው፤ ከታች ለተማሪው ጥያቄ በሰጠሁት መልስ እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ «በሕክምና ቤተ ሙከራ እሠራለሁ። ባክቴሪያውን አሳድገን ወይም ዘረ መሉን በፒሲአር አጉልተን እንለያለን። ይህ ካለ መርዙን ለብቻው የሚፈልግ ሴንሰር ምን ይጨምርልናል?»

መልስ፦ አንዳንድ ጊዜ ምንም አይጨምርም፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ያለ እርሱ ምንም ማወቅ አይቻልም። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በምግብ ላይ ያመነጨው ኢንትሮቶክሲን የተሰኘ መርዝ ሙቀትን ይቋቋማል፤ ምግቡ ሲሞቅ ባክቴሪያው ይሞታል፣ መርዙ ግን ይቀራል። እንዲህ ካለው ምግብ ናሙና ወስዶ ባክቴሪያ ለማሳደግ የሞከረ ሰው ምንም አያገኝም፤ የበላው ሰው ግን በሰዓታት ውስጥ ያስመልሰዋል። ቦቱሊነም የተባለው ነርቭን የሚጎዳ የባክቴሪያ መርዝ በተቃራኒው ነው፤ መርዙ በ85 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአምስት ደቂቃ ሲሞቅ ይከሽፋል፣ የባክቴሪያው ስፖር (ክፉ ጊዜን የሚያልፍበት ጠንካራ ቅርጹ) ግን የፈላ ውሃ እንኳ አይገድለውም። ስለዚህ ዘረ መሉ ተገኘ ማለት መርዙ አለ ማለት አይደለም፤ ዘረ መሉ ጠፋ ማለትም መርዙ የለም ማለት አይደለም።

በውሃ ላይ የሚታየው ከዚህ የባሰ ነው። ማይክሮሲስቲን የተባለው የሳያኖባክቴሪያ (በተለምዶ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚባሉት) መርዝ እ.ኤ.አ. በ1996 በብራዚል ካሩዋሩ ከተማ ለኩላሊት እጥበት በዋለ ውሃ ውስጥ ገብቶ ከ50 በላይ ሕሙማንን ገድሏል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 ደግሞ በአሜሪካ ቶሌዶ ከተማ በዚሁ መርዝ ሳቢያ ወደ 400,000 የሚጠጋ ሕዝብ የቧንቧ ውሃ እንዳይጠጣ ታዝዞ ነበር። ውሃ ማፍላት መርዙን አያጠፋውም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር መርዙ ይበልጥ ይከማቻል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጊዜያዊ መመሪያ በአንድ ሊትር 1 ማይክሮግራም ማይክሮሲስቲን ኤልአር ነው። ይህን ያህል ጥቂት መጠን በውሃ ማጣሪያው ቦታ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ የሚለካ መሣሪያ ቢኖር ምን ያህል ጭንቀት እንደሚያቀል መገመት አያዳግትም።

የተጣራ መርዝ ጉዳይም አለ። ቡልጋሪያዊው ጸሐፊ ጆርጂ ማርኮቭ እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ውስጥ ሲገደል ከእግሩ የወጣው ደቃቅ ብረታማ እንክብል ሪሲን የተባለውን የጉሎ ፍሬ መርዝ ይዞ እንደነበር የተደመደመው ከሕመሙ ምልክቶችና ከእንክብሉ ቀዳዳዎች ስፋት ተነሥቶ እንጂ መርዙ ራሱ በአስከሬኑ ውስጥ ተገኝቶ አልነበረም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያድግ ባክቴሪያ ጨርሶ የለም።

ጥያቄ፦ «በምግብ ጥራት ቁጥጥር ሥራ ላይ ነኝ። የምንጠቀምበት የአፍላቶክሲን (በእህል ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ) መመርመሪያ ወረቀት መመሪያ፣ መርዝ ሲኖር መስመሩ ይጠፋል፣ ሲጠራ ግን ይታያል ይላል። በእርግዝና መመርመሪያ የምናውቀው ተቃራኒውን ነው። የኅትመት ስሕተት ይሆን? አዳዲስ ሠራተኞቻችን ተምታቶባቸዋል።»

መልስ፦ መመሪያው ትክክል ነው። መምታታቱ ግን አደገኛ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይገባል።

በወረቀቱ ላይ የምናየው ቀይ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከላይ የተነጋገርንበት የወርቅ ቅንጣት ነው፤ ቅንጣቱ አንቲቦዲ ወይም ፀረ እንግዳ አካል ተለጥፎበት ከናሙናው ጋር በወረቀቱ ላይ ይጓዛል። የሚፈለገው ሞለኪውል ትልቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከ60,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) በላይ የሚመዝነው ሪሲን ወይም 150,000 ዳልተን የሚደርሰው ቦቱሊነም ከሆነ፣ ሁለት አንቲቦዲዎች በአንድ ጊዜ ከሁለት ወገን ሊይዙት ይችላሉ፤ አንደኛው ወርቁን ተሸክሞ ይመጣል፣ ሁለተኛው በመስመሩ ላይ ተተክሎ ይጠብቃል። መርዙ መካከላቸው ገብቶ ሲያገናኛቸው ወርቁ እዚያው ተይዞ ይቀራል፤ መስመሩም ይቀላል። የእርግዝና መመርመሪያውም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

አፍላቶክሲን ቢ1 ግን 312 ዳልተን ብቻ ነው። አንቲቦዲው ራሱ 150,000 ዳልተን ስለሚደርስ፣ አንዱ አንቲቦዲ ይህን ትንሽ ሞለኪውል ከያዘው ለሁለተኛው የሚተርፍ ቦታ የለም። ስለዚህ ነገሩ ተገልብጦ ይሠራል። በመስመሩ ላይ አስቀድሞ የተተከለው አፍላቶክሲን የተያያዘበት ፕሮቲን ነው። ናሙናው ንጹሕ ከሆነ ወርቁን የተሸከሙት አንቲቦዲዎች እጃቸው ባዶ ሆኖ ስለሚደርሱ እዚያ ተጣብቀው መስመሩን ያቀሉታል። ናሙናው መርዝ ካለበት ግን አንቲቦዲዎቹ በመንገድ ላይ ስለሚያዙ መስመሩን አልፈው ይሄዳሉ፤ መስመሩም ይደበዝዛል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ሳክሲቶክሲን የተባለውን የአልጌ መርዝ ለመሰሉ ሌሎች ትናንሽ መርዞች የሚሠሩት ወረቀቶችም በአብዛኛው በዚሁ መልክ ነው የሚነበቡት።

ለሠራተኞችዎ ሦስት ነገሮችን አበክረው ቢነግሯቸው መልካም ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛው የመቆጣጠሪያ መስመር ካልታየ ወረቀቱ ተበላሽቷል እንጂ ምንም አልተናገረም፤ የመርዙ መስመር መጥፋት ትርጉም የሚኖረው መቆጣጠሪያው ቀልቶ ሲታይ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ደብዘዝ ያለ መስመርን በዓይን ገምቶ መወሰን አንዱን ሠራተኛ ከሌላው ያለያያል፤ የመስመሩን ጥቁረት በካሜራ የሚለካ አንባቢ መሣሪያ ካለ እሱን መጠቀም ይሻላል። ሦስተኛው ለትልልቆቹ መርዞች የሚሆን ማስጠንቀቂያ ነው፤ መርዙ ከልክ በላይ ሲበዛ በወርቁ ላይ ያሉትንም በመስመሩ ላይ ያሉትንም አንቲቦዲዎች ለየብቻ ስለሚሞላቸው ድልድይ የሚሆን መርዝ ይጠፋል፣ መስመሩም ይደክማል። እጅግ የተመረዘ ናሙና ንጹሕ መስሎ የሚታይበት አጋጣሚ ይህ ነው፤ ተጠርጣሪ ናሙናን አቅጥኖ ደግሞ መመርመር ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

የመስመር መጥፋትን እንደ ምልክት መጠቀም የማይመቻቸው ተመራማሪዎች ትንሹ መርዝም ብርሃን እንዲያበራ የሚያደርግ ሌላ ዘዴ አላቸው። አፕታመሩን ከሚያበራ ቅንጣት ጋር አያይዘው ግራፊን ኦክሳይድ በተባለ ስስ የካርቦን ንጣፍ ላይ ያስተኙታል። ግራፊን ኦክሳይድ በጥቂት ናኖሜትር ርቀት ውስጥ ያለን ብርሃን ስለሚያጠፋ ቅንጣቱ ጨለማ ሆኖ ይቆያል፤ መርዙ መጥቶ አፕታመሩን ከግራፊኑ ሲያላቅቀው ይበራል። የዚህ የኃይል ሽግግር ጽንሰ ሐሳብ በቴዎዶር ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1948 የተቀመረ ነው። አፍላቶክሲን በራሱም ቢሆን በአልትራቫዮሌት ሥር ያበራል፤ ቢ የሚባሉት ሰማያዊ፣ ጂ የሚባሉት አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎችን ከፈጀው መቅሠፍት በኋላ መርዙን ከተመረዘው የኦቾሎኒ መኖ ውስጥ ለይቶ ለማውጣት ይህ ብርሃን ትልቅ እገዛ አድርጓል።

ጥያቄ፦ «ለመመረቂያ ጽሑፌ ያነበብኳቸው አንዳንድ ጥናቶች በሚሊ ሊትር ውስጥ ያለን የፌምቶግራም መጠን መርዝ እንለያለን ይላሉ። ይህ እውነት ከሆነ ቤተ ሙከራዎች ለምን አሁንም ውድና ግዙፍ መሣሪያዎችን ይጠቀማሉ?»

መልስ፦ ጥናቶቹ ያገኙትን ነው የጻፉት ብዬ አምናለሁ። ያገኙት ግን አብዛኛውን ጊዜ በንጹሕ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ነው።

ዝቅተኛ የመለየት ገደብ የሚባለው ቁጥር የሚሰላው መርዝ የሌለበትን ናሙና ደጋግሞ በመለካት፣ የልኬቶቹን መዋዠቅ በሦስት በማባዛትና ያን ያህል ምልክት የሚሰጠው የመርዝ መጠን ስንት እንደሆነ በማስላት ነው። በንጹሕ ውሃ መዋዠቁ ትንሽ ስለሆነ ቁጥሩም ያምራል። ወተት፣ የእህል ጭማቂ ወይም ደም ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለመምህሩ የገለጽኩትን የቀይና ሰማያዊ ዘዴ እንውሰድ። በወተት ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ወርቁን ስለሚሸፍኑት አፕታመሩ ቢሄድም ወርቁ እርቃኑን አይቀርም፤ ጨው ቢጨመርም አይሰማይም። ፈሳሹ ቀይ ሆኖ ይቆይና መርዝ ያለበትን ወተት ንጹሕ ነው ይለናል። ፕሮቲን ወርቅን ከጨው እንደሚጠብቅ የታወቀው ደግሞ ትናንት አይደለም፤ ሪቻርድ ዚግሞንዲ ከመቶ ዓመት በፊት ይህንኑ የመጠበቅ ኃይል መለኪያ አድርጎት ነበር፤ እ.ኤ.አ. የ1925 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚም ነው። እንዲህ ያለ የቆየ እውቀት እያለ አንዳንድ አዳዲስ ሴንሰሮች ውሃ በሚመስል ናሙና ብቻ ተሞክረው መታተማቸው ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም መርዝ እያለ የለም የሚል መሣሪያ ከመሣሪያ አልባነት የከፋ ነው።

ሞለኪውልን ከሚበትነው ብርሃን የቀለም ለውጥ የሚለየው የራማን ዘዴም የራሱ ችግር አለው። አንድ ሞለኪውል ከሚበትናቸው ፎቶኖች ውስጥ የሞለኪውሉን ማንነት የሚነግረንን የራማን ለውጥ ይዞ የሚመጣው ከአሥር ሚሊዮን አንዱ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በሳውዝሃምፕተን ሻካራ በሆነ የብር ገጽ ላይ እንደታየው፣ ሞለኪውሉ ከብረቱ አጠገብ ሲሆን ምልክቱ በሚሊዮን እጥፍና ከዚያም በላይ ይጎላል። ነገር ግን ይህ ማጉላት የሚገኘው በሁለት ቅንጣቶች መካከል ባለው የጥቂት ናኖሜትር ክፍተት ውስጥ ስለሆነ፣ ክፍተቱ በትንሹ ሲለያይ ምልክቱም እጅግ ይለያያል። አንድ ቤተ ሙከራ ዛሬ ያዘጋጀው ገጽ ነገ ካዘጋጀው ጋር ካልተስማማ ቁጥሩ ምን ያደርግልናል?

ስለ ፌምቶግራሙም አንድ ሒሳብ ልሥራልዎ። የአውሮፓ ኅብረት በወተት ውስጥ ለሚገኘው የአፍላቶክሲን ዓይነት፣ ለኤም1፣ ያስቀመጠው ገደብ በኪሎ ግራም 0.05 ማይክሮግራም ነው፤ ይህ በሚሊ ሊትር ወደ 50 ፒኮግራም ይጠጋል። አንድ ፒኮግራም የግራም ትሪሊዮንኛ፣ ማለትም አንድ ሺህ ፌምቶግራም ስለሆነ፣ በሚሊ ሊትር 1 ፒኮግራምን በእውነተኛ ወተት ውስጥ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለይ ሴንሰር ሕጉ ከሚጠይቀው 50 እጥፍ ይበልጣል። ከዚያ በታች መውረድ ለዚህ ተግባር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በሙቀትም በእርጥበትም ሳይበላሽ ለወራት የሚቀመጥ፣ ማንም ሠራተኛ ቢጠቀምበት አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጥ ሴንሰር ነው። ርዕስዎን ገና ካልወሰኑ ይህን አቅጣጫ ቢይዙ ደስ ይለኛል፤ ሠሪው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነው።

ለእህል ደግሞ ከሴንሰሩ በፊት ናሙናው አለ። አፍላቶክሲን በእህል ክምር ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ ከብዙ ሺህ ፍሬዎች መካከል ጥቂቶቹ ብቻ እጅግ ተመርዘው ሊገኙ ይችላሉ። ከአንድ ጥግ የተዘገነ እህል ፍጹም ንጹሕ ሊሆን ይችላል፣ ክምሩ ግን ሰው ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቃዊ ኬንያ በተመረዘ በቆሎ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። እንዲህ ያለውን እልቂት ለመከላከል ከልዩ ልዩ ቦታ ብዙ ናሙና ወስዶ፣ በደንብ ፈጭቶና ቀላቅሎ መመርመር እጅግ ጥቂት መርዝ ከሚለይ ከየትኛውም ሴንሰር ይቀድማል። ትልልቆቹ መሣሪያዎች እስካሁን የቆዩት መርዙን በክብደቱ ስለሚለዩና ሴንሰር ያሳየውን ውጤት ለማረጋገጥ ስለሚታመኑ ነው፤ ሴንሰሩ በመስክ ላይ ያጣራል፣ አጠራጣሪው ወደ ቤተ ሙከራ ይላካል።

ጥያቄ፦ «መርዝ ለመለየት የምንጠቀምባቸው የናኖ ቁሶች ራሳቸው መርዝ አይደሉም ወይ?»

መልስ፦ አንዳንዶቹ ናቸው። ብሩህ ቀለም ከሚሰጡት፣ የኳንተም ነጥቦች ከሚባሉት የናኖ ክሪስታሎች መካከል ብዙዎቹ ካድሚየም የተባለ መርዛማ ብረት አለባቸው። እነዚህ ነጥቦች ቀለማቸው እንደ መጠናቸው የሚለያይ ሲሆን ለግኝታቸውና ለአሠራራቸው እ.ኤ.አ. በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሰጥቷል። በታሸገ ወረቀት ውስጥ እስካሉ ተጠቃሚውን አይጎዱም፤ ጥያቄው ከተጣሉ በኋላ የት ይደርሳሉ የሚለው ነው። በዚህ ምክንያት ካድሚየም የሌለባቸው የካርቦን ነጥቦች ተፈላጊነታቸው ጨምሯል። የወርቅ ቅንጣት በዚህ ረገድ የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ «ሴንሰሩ መርዝ አለ ካለ በኋላ፣ መርዙ አሁንም የሚጎዳ መሆኑን ወይም በሙቀት የከሸፈ መሆኑን መለየት ይችላል?»

መልስ፦ እስካሁን የገለጽናቸው ሴንሰሮች በአብዛኛው የሚያውቁት የመርዙን ቅርጽ እንጂ ሥራውን አይደለም። አንቲቦዲው የሚይዘው የመርዙ ክፍል ሳይበላሽ ከቀረ፣ ሌላው ክፍል ቢከሽፍም መስመሩ ይቀላል። ሥራውን ለመለካት መርዙን የሚሠራውን ማሠራት ያስፈልጋል። ቦቱሊነም ኤ በነርቭ ጫፍ ውስጥ ስናፕ 25 የተባለውን ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም ነው። ስለዚህ የዚህን ፕሮቲን ቁራጭ አንዱን ጫፍ በኳንተም ነጥብ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ብርሃን በሚያጠፋ ቀለም ላይ አያይዘው ናሙናውን ይጨምሩበታል። መርዙ የሚሠራ ከሆነ ቁራጩን ይበጥሰዋል፣ አጥፊው ቀለም ይርቃል፣ ነጥቡም ይበራል። የከሸፈ መርዝ ግን አይቆርጥም፤ ስለዚህ ብርሃኑ አይመለስም።

ይህ ዘዴ ብዙ ጊዜ ይቆጥባል፤ ለረጅም ዘመን የቦቱሊነም ዋነኛ መመርመሪያ የነበረው አይጦችን ወግቶ እስከ አራት ቀን የሚጠብቅ ፈተና ነውና። ይሁን እንጂ ሙሉ መልስ አይሰጥም። የቦቱሊነም መርዝ ሁለት ክፍል አለው፤ ቀላሉ ሰንሰለት ይቆርጣል፣ ከባዱ ሰንሰለት ደግሞ መርዙን ወደ ነርቭ ሴል ያስገባዋል። የብርሃን ሴንሰሩ የሚለካው የመቁረጡን ሥራ ብቻ ስለሆነ፣ ከባዱ ሰንሰለት የተበላሸበትንና ወደ ሴል መግባት የማይችለውን መርዝ የሚሠራ ነው ብሎ ሊቆጥረው ይችላል። ሁለቱንም በአንድነት ለመፈተሽ መርዙን በሕያው የነርቭ ሴል ላይ መሞከር ያስፈልጋል። ለመድኃኒትነት የሚመረተውን ቦቱሊነም ጥንካሬ በእንስሳ ፋንታ በሴል የሚለካ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ጸድቆ በሥራ ላይ ውሏል፤ በምግብ ናሙና ላይ ግን ሴሎቹ ራሳቸው በምግቡ ቅባትና ጨው ስለሚጎዱ መርዙን አስቀድሞ አጥርቶ ማውጣት ግድ ይላል። በዚህ የማጥራት ሥራ ላይ አንቲቦዲ የለበሱ መግነጢሳዊ የናኖ ቅንጣቶች ጥሩ አገልግሎት እየሰጡ ነው፤ ቅንጣቶቹ መርዙን ይይዙታል፣ ማግኔቱ ይስባቸዋል፣ የቀረው ምግብ ታጥቦ ይወገዳል።